ከፍጥነት በፊት ልጓም
ሞተር ስላለው ፈጣን ብስክሌት ለቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፤ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ዘወትር የምናቀርበው ምክር ዛሬ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ወደ መንገድ ይሄዳል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠዋት በደኅና ከቤት የወጣ ልጅ ማታ በደኅና መመለሱ ከቤተ ሰብ ጉዳይ ሁሉ የሚበልጥ ስለ ሆነ ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት የሚነሣው ክርክር እንዲህ ያለ ነው። ወጣቱ በሞተር የሚሄድ ብስክሌት ይገዛል። ጥቂት ወር ከነዳው በኋላ ከፋብሪካ የተሰጠው ፍጥነት ያንስበታል፤ ወደ መካኒክ ወስዶ የፍጥነቱን ወሰን ሊያስነሣ፤ ባትሪውንም በሌላ ኃይለኛ ባትሪ ሊያስለውጥ ያስባል። እናት ጨርሶ ይሸጥ ትላለች። ልጅ ደግሞ እንጀራዬ ነው፤ ዕቃ ወደየቤቱ አድርሼ የማገኘው ገንዘብ በፍጥነቴ ልክ ነው ይላል። አባት በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ነገር ግን የሚፈርድበትን ነገር ጠባይ ሳያውቅ በትክክል ሊፈርድ አይችልም። ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ እንደሚባል፤ እኛም ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩም ለአገራችን እንግዳ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወሬ በየቤቱ ይነገራል። በአዲስ አበባም ከዚያው ዓመት ጀምሮ በታደሱት ዐበይት ጐዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል። መንገዱ ሲሠራ ሂያጁ ይበዛል፤ ሂያጁ ሲበዛም ጥንቃቄው አብሮ መብዛት ይገባዋል።

ለብስክሌት ሞተር መግጠም የዛሬ ጥበብ አይደለም። በአገራችን ዐፄ ዮሐንስ ነግሠው ሳሉ፤ በ1878 ዓ.ም. ኅዳር ወር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ዓመት፤ ጎትሊብ ዳይምለር የሚባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ከባልንጀራው ከቪልሄልም ማይባኽ ጋራ ከእንጨት በተሠራ ባለ ሁለት መንኰራኵር ላይ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ገጠመ። የሞተሩ ጉልበት ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረ፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ12 ኪሎሜትር አያልፍም ነበር። በላዩ ተቀምጦ በመንገድ የነዳው የዳይምለር ልጅ ነው። ሲነዳም ሞተሩን የሚያስነሣው የጋለ ቧንቧ ከኮርቻው ሥር ስለ ነበረ ኮርቻው እሳት ያዘ ይባላል። እንግዲህ ይህ ጥበብ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አባት የሠራውን ልጅ ሲነዳው፤ እሳቱም ከተቀመጠበት ሥር ሲነሣ እናያለን። ከዚያ ወዲህ መኪናው እጅግ ተሻሽሏል፤ የሰው አካል ግን ያው በፊት የነበረው ነው፤ አጥንቱም አልጠነከረም፤ የራስ ቅሉም አልወፈረም።

ፍጥነት ሲጨመር የሚጨመረው ምን እንደ ሆነ በሒሳብ ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን አደጋውም እጥፍ ይሆናል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 25 ኪሎሜትር እየሄደ ከግንብ ጋራ የሚጋጭ ሰው ከ2 ሜትር ተኩል ከፍታ፤ ማለት ከተራ ቤት ጣራ ጫፍ እንደ ወደቀ ሰው ይመታል። በሰዓት 50 ኪሎሜትር የሚሄደው ግን ከ10 ሜትር ከፍታ፤ ማለት ከፎቅ ላይ ፎቅ ካለው ሕንፃ እንደ ወደቀ ሰው ይመታል። ልጃችንን ከፎቅ ጫፍ እንዲቆም የማንፈቅድለት ሰዎች በመንገድ ላይ ያንኑ ከፍታ ስንፈቅድለት ከፍታው ስለማይታየን ብቻ ነው።

ስለ መቆምም እንዲሁ ነው። ሰው አንድ ነገር ከፊቱ ድንገት ሲገባበት አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ25 ኪሎሜትር ፍጥነት በዚያች አንድ ሰከንድ 7 ሜትር ይሄዳል፤ መልካም ፍሬን ካለውና መንገዱ ደረቅ አስፋልት ከሆነ በሌላ 5 ሜትር ይቆማል፤ ድምሩ 12 ሜትር ነው። በ50 ኪሎሜትር ፍጥነት ግን በአንዲቱ ሰከንድ 14 ሜትር ይሄዳል፤ ለመቆም ደግሞ 19 ሜትር ይፈልጋል፤ ድምሩ 33 ሜትር ነው። ከታክሲ ኋላ ድንገት የሚወጣ ሕፃን፤ በበዓል ዋዜማ ገመዱን በጥሶ የሚሮጥ በግ፤ ሳይታሰብ የሚከፈት የአውቶሞቢል በር፤ እነዚህ ሁሉ በ33 ሜትር ርቀት አስታውቀው አይመጡም።

ስለ ራስ ቁር ደግሞ አንድ የታወቀ ታሪክ እናስታውሳለን። የዓረቢያው ሎረንስ እየተባለ ስሙ በዓለም የተሰማው እንግሊዛዊው ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ ፈጣን ሞተር ብስክሌት እጅግ ይወድ ነበር። ብራፍ ሱፒሪየር የተባለውን፤ በዘመኑ ከሁሉ ፈጣን ከሚባሉት አንዱን፤ ይነዳ ነበር። በግንቦት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በዶርሴት አውራጃ ከቤቱ አጠገብ ሲነዳ፤ መንገዱ ጐድጐድ ካለበት ስፍራ ሁለት ልጆች በብስክሌት ሲሄዱ ድንገት አያቸው፤ እነርሱን ለማዳን ሲያዞር ተሽቀንጥሮ ወደቀ። ራሱ ተመትቶ ስለ ነበረ ስድስት ቀን ሳይነቃ ቆይቶ በግንቦት 11 ቀን በ46 ዓመቱ ዐረፈ። በራሱ ላይ ቁር አልነበረም።

ካከሙት ሐኪሞች አንዱ በአውስትራልያ የተወለደው የአንጐል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ነበረ። ኬርንስ ይህን ሞት አይቶ ዝም አላለም፤ በሞተር ብስክሌት ስለሚወድቁ ሰዎች የራስ ጉዳት መረመረ። የምርመራውንም ፍሬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ዓመት በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት መልእክት የሚያመላልሱ ባለሞተሮቹ ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሕዝቡ ሁሉ በሕግ የታዘዘው ግን ከ32 ዓመት በኋላ በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች በ2008 አንድ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ፤ የራስ ቁር በሞተር ብስክሌት አደጋ የመሞትን ዕድል በ100 እጅ 42፤ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ100 እጅ 69 እንደሚቀንስ ተገኘ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ የመዳንን ነገር በራስ ቁር መመሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወታደር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸፍነው ራሱን መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ቁሩንም መግዛት ብቻ አይበቃም። ከአገጭ በታች የሚታሰረው ጠፍር ካልታሰረ ቁሩ ሰውየው ሳይወድቅ አስቀድሞ ይወድቃል። ልኩ በራስ ላይ ጥብቅ ያለ፤ ራስ ሲነቀነቅ የማይነቀነቅ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ቁር ከውጭ ደኅና ቢመስልም በውስጡ ያለው ምቱን የሚቀበለው ነገር ስለ ተጨፈለቀ ሁለተኛ አያገለግልም፤ መለወጥ ያስፈልገዋል። ለተራ ብስክሌት የተሠራው ቀላል ቁርም በሰዓት 45 እና 50 ኪሎሜትር ለሚሄድ ሰው አይበቃውም፤ ለሞተር ብስክሌት የተሠራው አገጭን ጭምር የሚሸፍነው ይሻላል።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ነገር እንመለስ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፤ በራሷ አሳጠረች አለ የሚባለው ተረት ለዚህ ይሆናል። የፍጥነት ወሰን የሚያስነሣ ወጣት ከፋብሪካው ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያሳጠረው የራሱን ገመድ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ወሰኑን ያኖሩት በስስት አይደለም። ብስክሌቱን ሲሠሩ ብረቱን፤ ፍሬኑን፤ ጎማውን፤ ሽቦውን ሁሉ ለዚያ ፍጥነትና ለዚያ ክብደት መዝነው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ተራ ብስክሌት የሚቈጠረው የሞተሩ ጉልበት ከ250 ዋት፤ ሞተሩ የሚረዳበት ፍጥነትም በሰዓት ከ25 ኪሎሜትር የማያልፈው ነው። እስከ 45 ኪሎሜትር የሚሄደው ግን ቍጥር ያለው ሰሌዳና የራስ ቁር ይጠየቅበታል። በዚያ አገር ወሰኑን ያስነሣ ሰው ብስክሌቱን ሳያውቀው ወደ ሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ ለወጠው ማለት ነው፤ ፈቃድና መድን የሌለው ሆኖ ይገኛል። በአገራችንም የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተር ብስክሌቶች ያለ ፈቃድ በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ እንዳገደ የሚታወስ ነው። ስለዚህ ብስክሌት የነበረው ነገር ከተለወጠ በኋላ በሕግ ዐይን ምን እንደሚባል አስቀድሞ ከመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ የብልህ ሰው ሥራ ነው።

የኃይል መጨመር ጕዳቱ በየክፍሉ ይታያል። ተራ ብስክሌት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሲመዝን ባለ ሞተሩ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ዕቃ ሲጫንበት ደግሞ ይብሳል። ቸርኬውን የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች በዚህ ክብደት ላይ ፍጥነት ሲጨመርባቸው ይበጠሳሉ። ሞተሩ በጎማው መካከል የተገጠመ እንደ ሆነ፤ ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ ዘንጉ በተቀመጠበት ስፍራ ይሽከረከርና ዳዶውን ፈትቶ ይወጣል፤ ጎማውም በሩጫ ላይ ይለያል። ለተራ ብስክሌት ከውጭ የሚገጠመው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ዘወትር ስለሚያንቀጠቅጥ ብሎኑን ሁሉ ያላላል፤ የጢስ ማውጫው እግር ያቃጥላል፤ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ካንጠባጠበ ከጋለው ሞተር ላይ ይፈስሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፤ በችኰላ የተገጠመ ሞተር የሚፈታው በቆመበት አይደለም፤ ሲሮጡበት ነው።

እንግዲህ ማሻሻል ሁሉ ክፉ ነው ወይ? አይደለም። ክፉው ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው። አባቶቻችን ግልገል በቅሎ ሲገሩ አስቀድመው ልጓም አስለመዷት እንጂ አስቀድመው በአለንጋ አልገረፏትም። ለብስክሌትም የሚደረገው ማሻሻል ከመቆሙ ይጀምር። ጎማውን ከዳር የሚይዘውን የጎማ ፍሬን በብረት ዲስክ ላይ በሚይዝ ፍሬን መለወጥ፤ ይልቁንም በዘይት የሚሠራውን ማስገጠም ከገንዘቡ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ከእንጦጦ ወደ ከተማ በሚወርደው ቍልቍለት ላይ ፍሬን እየያዙ ብዙ ጊዜ ሲወርዱ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም ይላላል፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ዲስክ ይመረጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ ብዙውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ነገር ግን በድንገት ጨምቀው ከያዙት ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል። ሁለቱንም በአንድነት፤ ቀስ ብሎ እየጨመሩ መያዝ ሰፊ ሜዳ ላይ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል።

ከፍሬኑ ቀጥሎ ጎማው ነው፤ ወፈር ያለ፤ ነፋሱ በጐኑ በተጻፈው ልክ የተሞላ ይሁን። ሦስተኛው ፍሬን ሲያዝ የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚቈርጠው ቍልፍ ነው፤ ይህ ከሌለ ፍሬኑና ሞተሩ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ። አራተኛው የሞተሩን ዘንግ ከብስክሌቱ አጥንት ጋራ አጥብቆ የሚያስረው ተጨማሪ ብረት ነው። ከዚህ በኋላ የፊትና የኋላ መብራት፤ የኋላውን የሚያሳይ መስተዋት፤ በሌሊት የሚያበራ ልብስ ይከተላል። ደወሉንም መርሳት አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ስለሌለው እግረኛ፤ ይልቁንም ጆሮአቸው የደከመ አረጋዊ፤ መምጣቱን አይሰሙም። እነዚህ ሁሉ ተፈጽመው ገንዘብ የተረፈ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ስለ ፍጥነት መነጋገር ይቻላል፤ ያውም ሕጉ እስከ ፈቀደው ድረስ ነው።

ለእናቶች ይበልጥ የሚገባው ግን የባትሪው ነገር ነው፤ ይህ ከመንገድ ይልቅ በቤት ውስጥ የሚኖር አደጋ ነውና። ሊትየም የሚባለው ባትሪ ብዙ ኃይል በጠባብ ስፍራ ይዞ የሚኖር ነው። በመልካም ፋብሪካ የተሠራና በራሱ ቻርጀር የሚሞላ ከሆነ ተመስግኖ ያገለግላል። ከአሮጌ ባትሪ ተለቃቅሞ በእጅ የተበየደው፤ ወይም ልኩ ባልሆነ ቻርጀር የሚሞላው ግን ድንገት ግሎ ይነድዳል፤ እሳቱም እንደ ማገዶ እሳት ቀስ በቀስ የሚያያዝ ሳይሆን እንደ ባሩድ የሚፈነዳ ነው። በኒውዮርክ ከተማ፤ ዕቃና ምግብ የሚያደርሱ ብዙ ስደተኞች እንዲህ ባለ ብስክሌት በሚሠሩበት አገር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓመት ብቻ ከእነዚህ ባትሪዎች 268 ቃጠሎ ተነሥቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማውም በዚያው ዓመት በታወቀ የደኅንነት ምርመራ ያላለፈ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለ። የሞቱት ሁሉ ነጂዎች አልነበሩም፤ በዚያው ሕንፃ የተኙ ጎረቤቶችም ነበሩበት።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይገባል። ባትሪው በመውጫ በር አጠገብ አይሞላ፤ እሳት ቢነሣ መውጫው ይዘጋልና። ሰው ተኝቶ ሳለ አይሞላ። በአልጋና በምንጣፍ ላይ፤ ከከሰል ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ። የወደቀ፤ ውሃ የገባበት፤ ያበጠ፤ ወይም እንግዳ ሽታ ያለው ባትሪ ከቤት ይውጣ፤ እንደገናም አይሞላ። ጢስ ከታየ ልጆችን ይዞ መውጣት፤ በሩን መዝጋትና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው እንጂ ዕቃ ለማዳን መመለስ አይገባም።

በመንገድ ላይም ጥቂት ነገር እንጨምር። ከረጅም በጋ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያው ዝናብ በአስፋልት ላይ ያለውን ዘይትና አቧራ ስለሚያሟልጭ ከኋለኛው ዝናብ ይልቅ ያንሸራትታል። በቀለም የተቀባው የእግረኛ መሻገሪያና የብረት ክዳንም ሲረጥቡ እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሳያዘነብሉ ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው። ነጠላ፤ ጋቢና ረጅም የአንገት ልብስ ከኋላ ጎማና ከሰንሰለት ጋራ ስለሚጠመዘዝ ከመውጣት አስቀድሞ መሰብሰብና ማሰር ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው በተሠራው ላይ ሕፃንን ከፊት ወይም ከኋላ አስቀምጦ መፍጠን ከድፍረት ሁሉ የከፋ ድፍረት ነው።

የሕጉንም ነገር ቤተ ሰብ ይወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 የመኪና ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን፤ መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። በቍጥር 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ስላደረሰው ጕዳት አባት ይጠየቃል። ይህም አዲስ ፍርድ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያላሰረውን ሰው ከበሬው ጋራ በደም ይጠይቀዋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ እንዳይሞትበት ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ያዝዘዋል። ወሰኑ የተነሣለት ብስክሌት ተዋጊነቱ እንደ ተነገረለት በሬ ነው፤ ፍሬኑ ደካማ የሆነውም መከታ እንደሌለው ጣራ ነው።

እንግዲህ በእናትና በልጅ መካከል የተቀመጠው አባት ምን ይፍረድ ቢባል፤ እኛ እንዲህ እንላለን። ብስክሌቱ ይሸጥ ማለት ለሠራተኛ ልጅ እንጀራውን መንጠቅ ነው፤ ወጣቱም የተከለከለውን በስውር ከሌላ ተበድሮ ይነዳል፤ በስውር የሚነዳውን ደግሞ ማንም አይመክረውም። እንደ ወደደ ያድርግ ማለትም አባትነትን መተው ነው። ስለዚህ አባት ልጁን አስቀምጦ ሒሳቡን አብሮት ያስላ። በከተማ ውስጥ 5 ኪሎሜትር የሚሄድ ሰው በሰዓት 25 ኪሎሜትር ቢሄድ 12 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ40 ቢሄድ 7 ደቂቃ ተኩል ነው። ትርፉ 4 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ መብራትና መሻገሪያ ሲያስቆመው ብዙው ይጠፋል። የደረት ወይም የእግር ስብራት ግን ወራት ያስቀምጣል፤ የራስ ጉዳት ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ልጁ ለወሰን ማስነሻና ለኃይለኛ ባትሪ ያሰበውን ገንዘብ አባት አይንጠቀው፤ በፍሬን፤ በጎማ፤ በመብራትና በመልካም የራስ ቁር ላይ እንዲያውለው ያግባባው፤ ከቻለም ከራሱ ጨምሮ ያግዘው። እናትም ያን ጊዜ ከእንባዋ ይልቅ ምርቃቷን ታቀርባለች።

በመጨረሻም በየጠዋቱ ከመውጣት በፊት የሚደረገው ምርመራ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። የፊትና የኋላ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው በጣት ይጫን፤ የሁለቱም ጎማ ዳዶ ይነካ፤ ሰንሰለቱ ይታይ፤ መብራቱ ይበራ፤ የቁሩ ጠፍር ይታሰር። ይህን ልጅ ብቻውን ከሚያደርገው አባት ወይም ታናሽ ወንድም አብሮት ቆሞ ቢያይ ይሻላል፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሳልና። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ከአፈርም ቢሆን ይለቀማል፤ የሰው ሕይወት ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀም አይደለም። ለልጆቻችሁ ሁሉ ቸር መግቢያ ይስጥልን።